የክብር ማዕድ በዕረፍት ጊዜ

በየቤታችን የሚደገሰው ድግስ ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አለው። ልደትም ይሁን ክርስትና፣ የጋብቻ መታሰቢያም ይሁን የጡረታ ሽኝት፣ እንግዳው ተቀምጦ ሲበላ የቤቲቱ እመቤት ቆማ ታስተናግዳለች። ወጡ እንዳያንስ፣ እንጀራው እንዳይደርቅ፣ የሚጠጣው እንዳይጎድል ስትል ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስትመላለስ ትውላለች። እርሷ እህል የምትቀምሰው የመጨረሻው እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከድስቱ አጠገብ ቆማ። በዓሉ የራሷ በሚሆንበት ቀን እንኳ ይህ ልማድ ሲቀር አይታይም።

ከዚህ የተነሣ በርካታ ሠራተኛ ቤተሰቦች የዓመት ፈቃዳቸውን ከአንድ የቤተሰብ በዓል ጋር አገጣጥመው ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አርባ ምንጭ ብቅ ሲሉ፣ ቢያንስ አንዱን ማዕድ ጠረጴዛው ጨርቅ በለበሰበትና አስተናጋጁ በወግ በሚቀርብበት ከፍ ያለ ሬስቶራንት ለማሳለፍ ያስባሉ። አሳባቸው መልካም ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ከእነዚህ ቀኖች መካከል አንዲቱን ምሽት እናት ተቀምጣ እንድትበላ ማድረግን እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም።

ይሁን እንጂ ስመ ጥር ወደ ሆነ ቤት መግባት ብቻውን በዓሉን አያደምቀውም። አንዲት የማውቃት የቢሮ ሠራተኛ ከባለቤቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር አርባኛ ዓመት ልደቷን በአንድ የመዝናኛ ከተማ ስሙ በገነነ ሬስቶራንት ለማክበር ሄዳ ነበር። የገቡት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በመሆኑ ትንሹ ልጅ ምግቡ ሳይቀርብ እንቅልፍ ወሰደው። ሜኑ በሚባለው የምግብ ዝርዝር ላይ የተጻፉት ስሞች ግማሾቹ ለባልም ለሚስትም እንግዳ ነበሩ። አስተናጋጁን መጠየቅ ስላሳፈራቸው በግምት አዘዙ፤ ሥጋውም በቅጡ ሳይበስል ደም አዝሎ መጣ። ሴትዮዋ ለልጆቹ የሚበላ የሚመስለውን እየቆራረሰች ስታጎርስ የራሷ ሳህን ቀዘቀዘ። በመጨረሻም ሒሳቡ ሲቀርብ በልባቸው ደምረው ከጠበቁት ከሩብ በላይ አልፎ ተገኘ። ወደ ማረፊያቸው እስኪደርሱ ድረስ ባልና ሚስት አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ይህን ያጫወተችኝ እየሳቀች ቢሆንም፣ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም።

እዚህ ላይ የዋጋ መጠየቅ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በአገራችን ምግብ ለእንግዳ የሚቀርብ እንጂ የሚሸጥ ሆኖ ለረጅም ዘመን አልኖረም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ መኳንንቱ ገንዘብ ከፍለው መብላቱን እንግዳ ነገር አድርገውት፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው እየገቡ በልተውና ሒሳብ ከፍለው ሰዉን እንዳስለመዱት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አልፏል፤ ነገር ግን ማዕድ ላይ ተቀምጦ ዋጋ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ዛሬም አፍ ላይ ይከብዳል። በገበያ ላይ ስለ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሩብ ሰዓት የምትከራከር እናት፣ የአንድ ወር የቤት አስቤዛ የሚያህል ገንዘብ በምታወጣበት ጠረጴዛ ላይ ዝም ትላለች። የሚገርመው ግን በእነዚህ ቤቶች ዋጋና የምግብ አሠራር መጠየቅ የአስተናጋጁ የዘወትር ሥራ መሆኑ ነው። ደንግጦ የሚያይ አስተናጋጅ ቢኖር እንኳ ጉድለቱ የቤቱ ነው።

በተለይ መጠየቅ ያለበት በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሁሉን ያካተተ መሆን አለመሆኑ ነው። በብዙ ትልልቅ ሆቴሎች በምግቡ ዋጋ ላይ ከመቶ 10 የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ በድምሩ ላይ ደግሞ ከመቶ 15 የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ለምሳሌ ያህል የታዘዘው ምግብና መጠጥ 4,000 ብር ቢሆን፣ የአገልግሎቱ ክፍያ 400 ብር ተጨምሮ 4,400 ይሆናል። የዚህ ታክሱ 660 ብር ነው። ስለዚህ የሚከፈለው 4,000 ብር ሳይሆን 5,060 ብር ይሆናል ማለት ነው። ሁሉም ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ አያስከፍሉም፤ አንዳንዶቹም ሁሉን አጠቃለው ይጽፋሉ። የአገልግሎት ክፍያ በተከፈለበት ቤት ለአስተናጋጁ ጉርሻ መስጠት በፈቃድ የሚደረግ እንጂ ግዴታ አይደለም። ከዚህም ሌላ በሐይቅ ዳር ካሉት የመዝናኛ ስፍራዎች አንዳንዶቹ አልጋ ያልያዘ ሰው ሲገባ የመግቢያ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ይህ ገንዘብ ከምግቡ ሒሳብ ላይ የሚቀነስ መሆኑን በር ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በስልክ ማወቁ ይበጃል።

አሁን ደግሞ ነገሩ የተሳካላቸውን አንድ ቤተሰብ እንመልከት። ሚስት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ናት፤ ባል የጭነት መኪና ያሽከረክራል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የባልየው እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። የጋብቻቸውን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ከዕቁብ የደረሳቸውን ገንዘብ ከፍለው አስቀመጡና በሐምሌ ወር ወደ ሐዋሳ ወረዱ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከልጆችና ከአረጋዊት ሴት ጋር ለመጓዝ የሚያስቸግር አይደለም። በዚያም ከፋብሪካው ወደ ሐዋሳ ተዛውራ የምትሠራ፣ የሠርጓ ሚዜ የነበረች አንዲት ሙስሊም ጓደኛዋ ትኖራለች። ይህችን ሴት ከማዕዱ ማስቀረት የማይታሰብ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አማቲቱ ረቡዕና ዓርብን አጥብቀው የሚጾሙ ናቸው። ጓደኛዋ በሙስሊም እጅ ያልታረደ ሥጋ አትበላም፤ አማቲቱም በበኩላቸው በክርስቲያን እጅ ያልታረደውን አይነኩም። ልጆቹ ደግሞ ከሁለቱም ጋር ከአንድ ሳህን መብላት ይፈልጋሉ። በእንዲህ ያለ ቤተሰብ ዘንድ የምግብ ቤት ምርጫ ከወንበሩ ምቾትና ከመብራቱ ማማር በፊት የቀን ምርጫ ነው። ሚስትየዋ ይህን አስቀድማ በመገንዘቧ አቆጣጠሩን በወረቀት ላይ አወጣችው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 4 ቀን ያበቃል፤ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከረቡዕና ከዓርብ በስተቀር የፍስክ ነው፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸዋል። በዚህ ወቅት ግን ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለሚውል ሐዋሳ ከየአገሩ በሚመጣ ምእመን ትጨናነቃለች፤ አልጋውም ጠረጴዛውም አስቀድሞ ይያዛል። ስለዚህ ከበዓሉ ሳምንት ራቅ ያለ አንድ ሐሙስ መረጡ። ቅዳሜና እሑድ ሠርገኛውና የሽርሽር ተጓዡ ስለሚበዛ፣ በአዘቦት ቀን የሄደ ሰው ጸጥታም የተሻለ መስተንግዶም ያገኛል።

ሥጋውን በተመለከተ ችግሩን የፈታው ሐይቁ ራሱ ነው። ዓሣ በማን እጅ ታረደ የሚያሰኝ ነገር ስለሌለው በፍስክ ቀን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበሉታል። ዓሣን በጾም ቀን መብላትና አለመብላት ግን ሰው እንደ ልማዱና እንደ ንስሐ አባቱ ምክር የሚለያይበት ነገር ስለሆነ፣ ለአማት ወይም ለእናት ከማዘዝ በፊት ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ዓሣው ሥጋና ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ከተጠበሰ የታሰበው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህን ወጥ ቤቱን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም።

ቤተሰቡ ሐዋሳ በደረሰ በማግስቱ ጧት መጀመሪያ የሄደው ወደ ሬስቶራንት ሳይሆን ወደ አሞራ ገደል ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ሌሊት ያጠመዱትን በጧት የሚያወርዱበት የሐይቅ ዳር ስፍራ ነው። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ቢልጫው እየተለየ ይደረደራል፤ ልጆችና ጎልማሶች ቆዳውን ገፈው አጥንቱን ለይተው ሲያወጡ እጃቸው ዓይን አይደርስበትም። አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ለፍርፋሪው አጠገባቸው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጦጦችም ከዛፉ ላይ ወርደው የልጅ እጅ ያለውን ይነጥቃሉ። እዚያው የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ፣ ትኩስ የዓሣ ሾርባም በልክ ዋጋ ይገኛል። ሁሉም በሉ፤ ልጆቹም ስለ ወፎቹ ሲያወሩ ዋሉ።

ታዲያ ያንኑ ዓሣ በጥቂት ብር ጠግቦ መብላት ከተቻለ ወደ ውዱ ቤት መሄድ ለምን አስፈለገ ብሎ ባልየው መጠየቁ አልቀረም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ባሎችም ይጠይቁታል። በእርግጥም በትልቁ ሬስቶራንት ጉላሽ፣ ኮትሌት ወይም ዱለት ተብሎ የሚቀርበው ዓሣ ከዚያው ሐይቅ የወጣ ነው። በዚያ የሚከፈለው ለዓሣው አይደለም። የሚከፈለው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ለመብላት፣ ሌላ ሰው ውሃ እስኪቀዳና ሳህን እስኪያነሣ በዝግታ ለመጨዋወት ነው። አሞራ ገደል ደስ የሚል ስፍራ ቢሆንም፣ እናት ከልጆቿ አፍ አጥንት ስትለቅምና ጦጣ ስታባርር የምትውልበት ነው። ሚስትየዋም ለባሏ የመለሰችለት በአጭሩ ይህንኑ ነበር። ይህን ዓይነቱን አገልግሎት በማይሰጥ ቤት ውድ ዋጋ መክፈል ግን በእውነትም ገንዘብን ሐይቅ ውስጥ መጣል ነው።

ስለሆነም ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሁለት ሬስቶራንቶችን ለማየት ወጡ፤ አማቲቱንም ይዘው ሄዱ። ለሻይና ለቡና ብቻ ገብቶ ቤቱን ማየት በጣም የሚመከር ዘዴ ነው። በስልክ የሚዘዋወረው ፎቶግራፍ ሐይቁንና የአበባውን መስክ ያሳያል እንጂ መጸዳጃ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የአስተናጋጁን ፊት አያሳይም። ሆቴሎቻችን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የኮከብ ደረጃ ሲሰጣቸው ቆይቷል፤ ነገር ግን የኮከቡ ብዛት የሚናገረው ስለ ሆቴሉ አጠቃላይ ይዞታ ስለሆነ፣ የዚያን ዕለት ወጥ ጣዕም ከኮከብ መገመት አይቻልም።

የመጀመሪያው ቤት ከሁለቱ የበለጠ ያማረ ነበር። ሆኖም በር ላይ የቆመው ጥበቃ ባልና ሚስቱን አሳልፎ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው መቋሚያ ይዘው ከኋላ የሚመጡትን አሮጊት ወዴት ነው ብሎ አቆማቸው። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ አብረው መሆናቸው ሲነገረውም ወዲያው አሳለፈ። ነገር ግን አሮጊቲቱ ከዚያ በኋላ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሻዩን ሳይጨርሱ እንሂድ አሉ። ሚስትየዋም ያን ቤት በልቧ ሰረዘችው። ሁለተኛው ቤት አነስ ያለ ነው፤ ጨርቁም እንደ መጀመሪያው የነጣ አልነበረም። እዚያ ግን የአስተናጋጆቹ ኃላፊ ገና ሲያያቸው ከቦታው ተነሥቶ ለአሮጊቲቱ ባለ ድጋፍ ወንበር ሳበላቸውና እማማ እያለ አስቀመጣቸው። ስለ ዘይቱ ሲጠየቅ ወጥ ቤቱ ድረስ ሄዶ አጣርቶ ተመለሰ፤ ከአንድ ቀን በፊት ከተነገራቸው ዓሣውን ለብቻው መጥበሻና በአዲስ ዘይት እንደሚሠሩ ገለጠ። ዋጋው ሁሉን ያካተተ መሆኑንም ሳይጠየቅ ተናገረ። ምርጫው እዚያው ላይ አለቀ።

አንድ ቤት ለቤተሰብ በዓል የሚገባ መሆኑን ለመለየት ከዚህ የበለጠ ሚዛን እምብዛም አይገኝም። አብረው ከሚሄዱት መካከል አለባበሱ ከሁሉ ተራ የሆነውን፣ ወይም ዕድሜው ከሁሉ የገፋውን ሰው ቤቱ እንዴት እንደሚቀበል ማየት ነው። የከተማው ልብስ የለበሰውን ሰው ማንም ያስተናግዳል።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ጥቃቅን ጉዳዮች ናቸው፤ ነገር ግን ምሽቱን ሊያበላሹ ይችላሉ። የሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትጠልቀው በሐይቁ ላይ ነው። ይህን ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መቀመጥ አለበት፤ ለልጆችም የእራት ሰዓት የሚስማማው ያኔ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ስለሚወርድ ውጭ ያለው ጠረጴዛ ጣራ ያለው መሆኑን፣ ሲዘንብም ወደ ውስጥ የሚገቡበት ቦታ መኖሩን መጠየቅ ይገባል። ከመሸ በኋላ ደግሞ የሐይቅ ዳር ትንኝ ስላለ፣ አካባቢውም ወባ የማያጣው ስለሆነ፣ ለልጆች እጅጌው ረጅም ልብስና ካልሲ መያዝ ያስፈልጋል። ኬክ ከውጭ ይዞ መግባት የማይፈቅዱ ወይም ለዚሁ የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ። ጠረጴዛ ለማስያዝ ቀብድ የሚቀበል ቤት ካለም ደረሰኝ መቀበል ነው።

የታዘዘው ምን ነበር የሚል አንባቢ ይኖራል። የምግብ ዝርዝሩን ረቡዕ ዕለት አይተውት ስለነበር ሐሙስ ማንም አልተደናገረም። ለሁሉም የሚሆን ሁለት ትልልቅ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ የዓሣ ጉላሽ፣ ሰላጣና እንጀራ፣ ለልጆቹ ድንች ጥብስ አዘዙ። የተለየ የፈረንጅ ምግብ ለመቅመስ የፈለገው ባልየው ብቻ ነበር፤ እርሱም አንድ ሳህን አዝዞ ለሁሉ አካፈለ። እንዲህ አንዱን አዲስ ምግብ ለሙከራ፣ ሌላውን የለመዱትን ማድረግ ብልህነት ነው፤ በበዓል ቀን ተርቦ የሚመለስ ሰው አይኖርም።

በመካከል ትንሿ ልጅ የብርቱካን ጭማቂውን በጨርቁ ላይ ደፋችው። እናትየው እንደ ልማዷ ብድግ ብላ ሶፍት ስታነሣ አማቲቱ ክንዷን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። አስተናጋጁ መጥቶ ጠረገ፤ ሌላ ብርጭቆም አመጣ። አማቲቱ በዚያው እጃቸው ዓሣውን ከአጥንቱ ለይተው፣ ዳጣ አስነክተው፣ ለምራታቸው አጎረሷት፤ ቀጥለውም ለጓደኛዋ። በአሥር ዓመት ውስጥ በዚህ ቤተሰብ ድግስ ላይ አማት ምራታቸውን ተቀምጣ ሲያጎርሱ የመጀመሪያው መሆኑን የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት። ሚስትየዋ ራሷ ስለዚያ ምሽት ስትጠየቅ በይበልጥ የምታነሣው ዓሣው ትኩስ እንደ ነበረ ነው።

ሒሳቡ ከተገመተው ብዙም አላለፈም። የተረፈውን ዓሣ አስጠቅልለው ወሰዱ፤ ይህም በየትኛውም ትልቅ ቤት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የተከፈለበት ምግብ ነው። በዚህ ክረምት እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስቡ ቤተሰቦች ጠረጴዛቸውን ከመነሣታቸው ሳምንት ቀድመው በስልክ ቢያስይዙ፣ በስልኩም የሰዉን ቁጥር፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ የሚጾመውንና ሥጋ የማይበላውን ለይተው ቢናገሩ፣ ስልኩን ያነሣውን ሰው ስምም ጠይቀው ቢመዘግቡ በዕለቱ አይቸገሩም።